ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት፦ ፕሮግራምን መፈተሽና ስህተትን አድኖ ማግኘት

ፕሮግራም አልሠራ ሲል የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ኮዱ ነው። አንድ መስመር ይቀየራል፣ ፕሮግራሙ ይሞከራል፤ አልሆነም። ሌላ መስመር ይቀየራል፤ አሁንም አልሆነም። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ስህተት እዚያው ተቀምጦ ሌሎች ሁለት ሦስት ተደርበውበት ይገኛሉ፤ የትኛው ከየት እንደመጣ መለየትም ያስቸግራል። ከሁሉም የከፋው ግን በዚህ መሀል ስህተቱ በአጋጣሚ ሲጠፋ ነው። ለምን እንደጠፋ የማይታወቅ ስህተት ታረመ አይባልም፤ ጊዜ ጠብቆ ይመለሳል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በአንድ ሕግ ላይ የቆመ ነው፦ ስህተቱን በፈለጋችሁት ሰዓት ደግማችሁ ማሳየት ካልቻላችሁ ለማረም አትነሡ። በፓይተንም ጻፉ በጃቫ ወይም በጃቫስክሪፕት፣ አካሄዱ አንድ ነው። ነገሩ በምክር ብቻ እንዳይቀር አንድ ትንሽ ኮድ ይዘን እንሂድ።

ምሳሌ የሚሆነን ኮድ

አንድ ፕሮግራም የተመዘገቡ ሰነዶችን በገጽ ከፋፍሎ ያሳያል እንበል። በአንድ ገጽ 10 ሰነዶች ይታያሉ። ስንት ገጽ እንደሚያስፈልግ የሚያሰላ አጭር ፈንክሽን (በስሙ እየተጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) አለ፤ ሥራው በአንድ መስመር ያልቃል፦

የገጽ ብዛት = (የሰነዶች ብዛት ÷ 10) + 1

እዚህ ላይ ማካፈሉ የሙሉ ቁጥር ማካፈል ነው፤ ቀሪው ይጣላል። 95 ሰነዶች ካሉ 95 ለ10 ሲካፈል 9 ይሆናል፣ 1 ሲደመርበት 10 ገጽ ይወጣል። ልክ ነው። የጻፈው ሰው በ95 ሞክሮት፣ ምናልባትም በ23 ደግሞት፣ ረክቶ ወደ ሌላ ሥራ አልፏል። ከጊዜ በኋላ ከተጠቃሚ አንድ ቅሬታ ይመጣል፦ «አንዳንድ ጊዜ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ይሆናል።»

አንደኛ፦ ስህተቱን ደግማችሁ አምጡት

ቅሬታ አቅራቢውን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን አደረግህ? ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ? በምትኩ ምን አየህ? «አይሠራም» የሚል መልእክት ለማንም አይጠቅምም፤ ግን ጥፋቱ የጠያቂው ነው እንጂ የተጠቃሚው አይደለም። ተጠቃሚው የትኛው ዝርዝር እንደሚያስፈልጋችሁ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የፕሮግራሙን ሥሪት ቁጥርና ተጠቃሚው ይሠራበት የነበረውን መረጃም ያዙ፤ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ሰላም ሆኖ በእሱ ላይ የሚበላሽ ከሆነ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ አለ።

ተጠቃሚው 3480 ሰነዶች እንዳሉት ነገራችሁ እንበል። ያንኑ ያህል መረጃ አስገብታችሁ ስታዩ 349 ገጽ ይቆጠራል፣ መጨረሻውም ባዶ ነው። ስህተቱ ተገኘ። አሁንም ግን ኮዱን አትክፈቱ፤ መጀመሪያ መረጃውን አሳንሱት። ግማሹን አስወግዱ፦ በ1740 ሰነዶች ስህተቱ አለ። እንደገና ግማሹን፦ በ870ም አለ። እንደገና፦ በ435 ጠፋ! መልካም ዜና ነው። ስህተቱ የመረጃ መብዛት ያመጣው አለመሆኑ ታወቀ፤ 870ን ከ435 የሚለየው ነገር ላይ ማሰብ ብቻ ይቀራል። 430ን ብትሞክሩ ይመለሳል፤ 20ም፣ 10ም እንዲሁ። 10 ሰነዶች አስገብታችሁ 2 ገጽ ካገኛችሁ ከዚህ ያነሰ ማስረጃ አያስፈልግም። «አንዳንድ ጊዜ» የነበረው ቅሬታ «የሰነዶቹ ብዛት ለ10 ያለ ቀሪ ሲካፈል ሁልጊዜ» ሆኗል።

ስህተቱ እንዲህ በቀላሉ አልመጣ ሲል ለውጥ ሊያመጡ የሚችሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ተመልከቱ፦ ሰዓትና ቀን፣ የኮምፒውተሩ ቋንቋ፣ የኢንተርኔቱ ፍጥነት፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ መጠቀማቸው። ያም ካልረዳ በተጠረጠረው ቦታ ዙሪያ የሥራ መዝገብ የሚጽፉ መስመሮችን ጨምራችሁ ስህተቱ እንደገና እስኪከሰት ጠብቁ። መጠበቅ ለፕሮግራመር ከባድ ነው፤ በግምት ከማረም ግን ይሻላል።

ሁለተኛ፦ የስህተቱን መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቡ

የእኛ ምሳሌ ምንም መልእክት ሳያወጣ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ስህተት ከሁሉም ተንኮለኛው ነው። ፕሮግራሙ ሲቆምና መልእክት ሲያወጣ ግን ሥራው ግማሹ ተሠርቶላችኋል፤ ቀዩን ጽሑፍ ሲያዩ ደንግጠው የሚዘጉት ብዙ ናቸው እንጂ።

በፓይተን የስህተቱ ዓይነት የሚጻፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ ስለዚህ ከታች ወደ ላይ አንብቡ። በጃቫ የስህተቱ ስም ከላይ ይመጣል፤ ነገር ግን ወረድ ብሎ አንዱ ስህተት በሌላው እንደመጣ የሚናገሩ መስመሮች ካሉ የችግሩ ሥር ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ላይ ነው። በሁለቱም ቋንቋ የሌሎች ሰዎች ቤተ መጻሕፍት (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ እናንተ የምትጠቀሙበት ኮድ) የሚጠቀሱባቸውን መስመሮች እለፉና የራሳችሁ ፋይል ስም ያለበትን፣ ስህተቱ ለተነሣበት ቦታ የሚቀርበውን መስመር ፈልጉ። ከዚያ ጀምሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መልእክቱ የሚጠቅሰው መስመር ፕሮግራሙ የወደቀበት ነው፤ ስህተቱ የተወለደበት ላይሆን ይችላል። ባዶ እሴት ከሦስት ፈንክሽን በፊት ገብቶ ሲንከባለል ቆይቶ እዚህ ደርሶ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። እዚያው መስመር ላይ «ባዶ ከሆነ እለፈው» የሚል ማጣሪያ መጨመር የሚያጓጓው ለዚህ ነው፤ መልእክቱ ይጠፋል፣ ባዶው እሴት ግን መግባቱን ይቀጥላል።

ሦስተኛ፦ ግማሽ በግማሽ አጥብቡ

ቅድም መረጃውን ያሳነስንበት ዘዴ ለኮዱም ይሠራል። መረጃው ከዳታቤዝ ተነሥቶ በአሥር ደረጃ አልፎ ስክሪን ላይ ይደርሳል ብንል፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ አንድ በአንድ ማየት አድካሚ ነው። አምስተኛው ላይ ቁሙና እሴቱን እዩ። ልክ ከሆነ ስህተቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ካልሆነ ከዚያ በፊት። በሁለትና ሦስት ጥያቄ ሰፈሩን ትለያላችሁ።

እሴቱን ለማየት ቀላሉ መንገድ ማተም ነው። ይህን የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልንቀውም። ብቻ በአግባቡ አትሙ። እሴቱን በሁለት ምልክቶች መካከል አስገቡት፤ ከፊቱ ወይም ከኋላው የተደበቀ ክፍት ቦታ ካለ ይታያችኋል። ዓይነቱንም አብራችሁ አትሙ። 10 የተባለው ነገር ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ከሆነ ጃቫስክሪፕት 1 ሲደመርበት 101 ያወጣል፤ ለ10 ሲካፈል ግን ጽሑፉን ወደ ቁጥር ለውጦ በትክክል 1 ይሰጣል። አንዱን ስሌት ብቻ ያየ ሰው ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ያልፋል።

ብዙ እሴቶች በአንድ ጊዜ ማየት ሲያስፈልግ ወደ ዲበገር፣ ማለትም ፕሮግራምን መሀል ላይ አቁሞ ውስጡን ወደሚያሳይ መሣሪያ፣ ሂዱ። የማቆሚያ ነጥብ አስቀምጡ፣ ፕሮግራሙ እዚያ ሲቆም ተለዋዋጮቹን ተመልከቱ፣ ከዚያ መስመር በመስመር ተራመዱ። አንድ ሺህ ጊዜ የሚዞር ሉፕ (ራሱን የሚደጋግም ኮድ) ውስጥ ከሆናችሁ ሁኔታ ያለው የማቆሚያ ነጥብ ተጠቀሙ፤ «ቁጥሩ 870 ሲሆን ብቻ ቁም» ማለት ይቻላል። በየማቆሚያው ላይ ደግሞ እሴቱን ከማየታችሁ በፊት ምን እንደሚሆን ገምቱ፤ ቢቻል ጻፉት። ግምታችሁና እውነታው የተለያዩበት ቦታ ላይ ስህተቱ ወይም የእናንተ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ዝም ብሎ መመልከት እንቅልፍ ያመጣል እንጂ ስህተት አያሳይም።

«ባለፈው ወር ይሠራ ነበር» የሚባል ነገር ከሆነ ደግሞ ኮዱን ማንበብም ላያስፈልግ ይችላል። የኮድ ለውጦችን በቅደም ተከተል የሚመዘግበውን ጊትን የምትጠቀሙ ከሆነ ባይሴክት የሚባል ትእዛዝ አለው። የሚሠራ አንድ የድሮ ሥሪትና የማይሠራ አንድ የአሁን ሥሪት ትሰጡታላችሁ፤ እሱ መካከለኛውን አውጥቶ «ይህኛውስ?» ይላችኋል። በመካከሉ 1000 ለውጦች ቢኖሩ በ10 ሙከራ ገደማ ጥፋተኛው ለውጥ ይገኛል። የአንድን ለውጥ ጥቂት መስመሮች ማንበብ ሙሉውን ፕሮግራም ከማንበብ ጋር አይወዳደርም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ያልጠቀመውን ለውጥ ወዲያው መልሱት፤ «ምንም አይጎዳም» ብላችሁ አትተዉት።

አራተኛ፦ ከማረማችሁ በፊት ፍተሻውን ጻፉ

ስህተቱ ታውቋል፤ እጃችሁ ለማረም ይቸኩላል። ቆዩ። መጀመሪያ ስህተቱን የሚያጋልጥ ፍተሻ ጻፉ። ለዚህ የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ፤ በፓይተን ፓይቴስትን፣ በጃቫ ጄዩኒትን መጠቀም የተለመደ ነው። የፍተሻ ኮድ ሦስት ሥራ ብቻ አለው፦ ግብዓቱን ያዘጋጃል፣ ፈንክሽኑን ይጠራል፣ ውጤቱን ከሚጠበቀው መልስ ጋር ያነጻጽራል። ለእኛ ፈንክሽን እነዚህ ይበቃሉ፦

1 ሰነድ፦ 1 ገጽ
9 ሰነዶች፦ 1 ገጽ
10 ሰነዶች፦ 1 ገጽ
11 ሰነዶች፦ 2 ገጽ
20 ሰነዶች፦ 2 ገጽ
95 ሰነዶች፦ 10 ገጽ
0 ሰነድ፦ ?

የሚጠበቀውን መልስ በራሳችሁ አስሉ። ፕሮግራሙን አስኪዶ ያወጣውን ቁጥር ገልብጦ «የሚጠበቀው ይህ ነው» ብሎ መጻፍ ስህተቱን ራሱን ሕግ ማድረግ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ምልክት በስህተት የገባ አይደለም። ሰነድ የሌለበት ዝርዝር ዜሮ ገጽ አለው ወይስ «ምንም ሰነድ የለም» የሚል አንድ ገጽ? ኮዱ ይህን ሊመልስላችሁ አይችልም፤ ፕሮግራሙን ያዘዘው ሰው ነው የሚወስነው። ሄዳችሁ ጠይቁ። ፍተሻ መጻፍ ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ እንዲህ ያሉትን ያልተጠየቁ ጥያቄዎች ማውጣቱ ነው። መልሱ «ዜሮ» ነው እንበልና እንቀጥል።

አሁን ፍተሻዎቹን ባልታረመው ኮድ ላይ አስኪዱ። በ10፣ በ20 እና በ0 መውደቅ አለባቸው። ካልወደቁ ፍተሻው ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ምናልባት ማነጻጸሪያው ተረስቷል ወይም ሌላ ፋይል እየፈተሻችሁ ነው። ሲወድቅ ያልታየ ፍተሻ አይታመንም።

አምስተኛ፦ አርሙ፣ ግን መልሱን ተጠራጠሩ

የመጀመሪያው የሚያጓጓ ሐሳብ «10 ከሆነ 1 መልስ» የሚል መስመር መጨመር ነው። ለ10 ይሠራል፤ 20 ሲመጣ ይወድቃል። ይህ ማረም ሳይሆን ምልክቱን መሸፈን ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ የተሻለ ይመስላል፦ (የሰነዶች ብዛት − 1) ÷ 10 + 1። 10 ሲገባ 1 ይወጣል፣ 11 ሲገባ 2፣ 20 ሲገባም 2። ሁሉም አለፉ። 0 ሲገባስ? −1 ለ10 ይካፈላል። ጃቫ የሙሉ ቁጥር ማካፈልን ወደ ዜሮ አቅጣጫ ስለሚቆርጥ 0 ያወጣል፤ 1 ሲደመር 1 ገጽ። ፓይተን በሁለት እዝባር (//) ሲያካፍል ወደ ታች ስለሚያወርድ −1 ያወጣል፤ 1 ሲደመር 0 ገጽ። አንድ ቀመር፣ አንድ ግብዓት፣ በሁለት ቋንቋ ሁለት መልስ! ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ኮድ የምታሻግሩ ሰዎች አሉታዊ ቁጥር ያለበትን ማካፈል ሁሉ በጥርጣሬ እዩት።

ሦስተኛው ሐሳብ በፕሮግራመሮች ዘንድ የተለመደ ነው፦ (የሰነዶች ብዛት + 9) ÷ 10። በሁለቱም ቋንቋ ሰባቱም ፍተሻዎች ያልፋሉ። አንድ ቀዳዳ ግን አለበት። በጃቫ የተለመደው ሙሉ ቁጥር በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች) ስለሚቀመጥ ከ2147483647 ማለፍ አይችልም፤ እዚያ ጫፍ አጠገብ ያለ ቁጥር ላይ 9 ሲደመር ውጤቱ ዞሮ አሉታዊ ይሆናል። ሁለት ቢሊዮን ሰነድ ማን አለው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በጃቫ የራሱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበረው ሁለትዮሽ ፍለጋ (በቅደም ተከተል የተደረደረን ዝርዝር ግማሽ በግማሽ እያጠበበ የሚፈልግ ኮድ) የታመመው በዚሁ በሽታ ነበር። መካከለኛውን ለማግኘት የታችኛውንና የላይኛውን ቁጥር ደምሮ ለ2 ያካፍል ነበር፤ ድምሩ ከገደቡ ሲያልፍ ይወድቃል። ስህተቱ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሳይታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ወጣ። ኮዱ ሲጻፍ ያን ያህል ትልቅ ዝርዝር የሚያስብ ሰው አልነበረም።

የእኔ ምርጫ ግልጽ የሆነው ነው፦ አካፍል፤ ቀሪ ካለ ብቻ 1 ደምር። አንድ መስመር ቢረዝምም አንባቢው ቆም ብሎ ሳያሰላ ይገባዋል፣ ከገደብም አያልፍም። ነገ ደግሞ 10 የሚለው ቁጥር ተጠቃሚው የሚመርጠው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 0 ቢመርጥ ፕሮግራሙ በዜሮ ማካፈል ይወድቃል። ቁጥሩን በሚቀበለው ቦታ ላይ አስቀድማችሁ ከልክሉት።

ስድስተኛ፦ ወንድሞቹን ፈልጉ

ያንን ቀመር የጻፈ ሰው ሌላም ቦታ ጽፎት ይሆናል፤ ወይም ሌሎች ከእሱ ገልብጠውታል። በሙሉው ኮድ ውስጥ ፈልጉ። ከዚያ አዲሶቹን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ፍተሻዎች አስኪዱ፤ የባዶውን ገጽ መኖር እንደ ልክ ቆጥሮ የተጻፈ ሌላ ኮድ ሊኖር ይችላል። ለውጡን ስታስገቡ መግለጫው ላይ «ስህተት ታረመ» አትበሉ። «የሰነዶች ብዛት ለ10 ያለ ቀሪ ሲካፈል አንድ ትርፍ ገጽ ይቆጠር ነበር» ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ።

በምን በምን ይፈተሽ?

ከላይ 9፣ 10 እና 11ን የመረጥነው በዘፈቀደ አይደለም። ስህተት ድንበር ላይ መቀመጥ ይወዳል። 9፣ 10፣ 11 ከሃምሳ የመካከል ቁጥሮች የበለጠ ይናገራሉ። ዜሮ፣ አንድ፣ ባዶ ዝርዝር፣ አሉታዊ ቁጥርና የተፈቀደው ትልቁ ቁጥር ከነተከታዩ የማይቀሩ ናቸው። ኤሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 በተነሣች በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ የጠፋችው አንድ የ64 ቢት ቁጥር ከ32767 በላይ ወደማይይዘው የ16 ቢት ቦታ ሲገለበጥ ስላልበቃው ነው። ያው ኮድ በኤሪያን 4 ላይ ያለ ችግር ሠርቷል፤ አዲሷ ሮኬት ግን ፈጣን ስለነበረች ቁጥሩ ከድንበሩ አለፈ። ሌላ ቦታ የሠራ ኮድ በአዲሱ ቦታ ድንበሮች እንደገና መፈተሽ አለበት።

አስርዮሽ ቁጥሮችን በ«እኩል ነው» አታነጻጽሩ። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ በፓይተንም በጃቫስክሪፕትም የሚወጣው 0.30000000000000004 ነው፤ ልዩነቱ ከተወሰነ ትንሽ ቁጥር ማነሱን ፈትሹ። ገንዘብ ከሆነ በትንሹ የገንዘቡ አሃድ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ቀን የሚያሰላ ኮድ በየካቲት 29 ይፈተሽ፤ 1900 ሠግር ዓመት እንዳልነበረ፣ 2000 ግን እንደነበረ ማወቁም ይታይ። በጽሑፍ በኩል በላቲን ፊደል ብቻ የተፈተሸ ፕሮግራም አልተፈተሸም። አንድ የግዕዝ ፊደል፣ ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው የተለመደ ሥርዓት፣ ሦስት ባይት (የማስቀመጫ ቦታ መለኪያ) ይይዛል፤ 20 ባይት የተመደበለት የስም ቦታ ስድስት ፊደል ብቻ ይችላል፣ ሰባተኛውን መሀል ላይ ሊቆርጠው ይችላል። «ዓለም» ብሎ የፈለገ ሰው «አለም» ተብሎ የተመዘገበውን ያገኝ እንደሆነም ሞክሩ።

አንዴ የሚያልፉ አንዴ የሚወድቁ ፍተሻዎች

ኮዱ ሳይነካ ጠዋት አልፎ ማታ የሚወድቅ ፍተሻ ሲያጋጥማችሁ «እንደገና አስኪደው» የሚለው ልማድ እንዳይጀምራችሁ። ሰው አንዴ ከለመደ እውነተኛውን ስህተትም እንዲሁ ያልፈዋል። ምክንያቶቹ ጥቂት ናቸው። ፍተሻው የአሁኑን ሰዓት የሚያነብ ከሆነ ሰዓቱን እንደ ግብዓት ስጡት። የዘፈቀደ ቁጥር የሚጠቀም ከሆነ መነሻውን ቁጥር ወስኑለት። ከሌላ ፍተሻ የተረፈ መረጃ ላይ የሚደገፍ ከሆነ ቅደም ተከተሉን በመለወጥ ታጋልጡታላችሁ፤ እያንዳንዱ ፍተሻ የራሱን መረጃ ይፍጠር፣ የራሱንም ያጽዳ። ከሩቅ ሰርቨር መልስ የሚጠብቅ ከሆነ በእሱ ፈንታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ምትክ አስቀምጡ፤ እውነተኛውን ሰርቨር የሚነኩት ፍተሻዎች ጥቂት ሆነው ለብቻቸው ይሂዱ።

ስንት በመቶው ኮድ በፍተሻ እንደተነካ የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ። ያልተነካውን ለማግኘት ይጠቅማሉ፤ 100 በመቶ የሚለውን ቁጥር ግን እንደ ዋስትና አትውሰዱት፤ ምንም ሳያነጻጽር መስመሩን ብቻ የጠራ ፍተሻም ይቆጠራልና። ፍተሻዎቻችሁ ንቁ መሆናቸውን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ኮዱን ሆን ብላችሁ አበላሹት፦ መደመሩን ወደ መቀነስ፣ «ያንሳል» የሚለውን ወደ «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ቀይሩ። አንድም ፍተሻ ካልወደቀ የጎደለው ፍተሻ የቱ እንደሆነ ታውቋል፤ ኮዱን መልሱና እሱን ጻፉ።